«አያምም» የማትል ሐኪም

ዶክተር አዜብ ማረፏን የሰማሁት ከጎተራ ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ነው። የደወለችልኝ ታናሽ እህቷ ናት። «ገኒ፣ የት ነሽ?» ስትለኝ ከድምፅዋ ገባኝ። እንዲህ ያለ ነገር የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የት እንዳለን ነው።

«ታክሲ ውስጥ ነኝ» አልኳት።

«በቃ ስትወርጂ ደውይልኝ።»

«አሁኑኑ ንገሪኝ። አዜብ ብትሆን ትነግረኝ ነበር።»

ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ መውረጃዬን አልፌ ስንት ፌርማታ እንደሄድኩ አላስታውስም። ረዳቱ ነው «እህት፣ መጨረሻው ነው» ብሎ ያወረደኝ።

አዜብ የቀጠረችኝ ከነርስነት ትምህርት ቤት በወጣሁ ሰሞን ነው። የጥርስ ክሊኒኳ ካዛንቺስ ውስጥ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ፣ ጠባብ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት ነበር። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ በመስኮቱ ከጠዋት ጀምሮ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይገባል። እሷ ያኔ አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። አጭር፣ ፈጣን፣ ጮክ ብላ የምትናገር ሴት። የመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ብላት «አንቺ በይኝ፤ እርስዎ ሲሉኝ የሚነቀል ጥርስ ያለኝ ይመስለኛል» አለችኝ። እስከ መጨረሻው አንቺ አልኳት።

ገር ሰው ነበረች ብዬ አልዋሽም። ከሕንፃው ጥበቃ ጋር በመኪና ማቆሚያ ስትጣላ ድምፅዋ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። መድኃኒት ሊያስተዋውቁ የሚመጡትን ልጆች ገና ሳይቀመጡ ትሸኛቸዋለች። ከእናቷ ጋር በስልክ በትግርኛ ስታወራ መጠበቂያ ክፍል ያለው ሰው ጠብ ይመስለዋል። ሰው ወንበሯ ላይ ሲቀመጥ ግን ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ እጇም ይረጋጋል። የማደንዘዣውን ብልቃጥ መዳፏ ውስጥ ይዛ እያሞቀች ትጠይቃለች። «ማታ ተኝተሃል? ቁርስ በልተሃል? የሚያሳስብህ ነገር አለ?» አንዳንዱ «እኔ የመጣሁት ለጥርሴ ነው» ይላታል። «ጥርስህ ብቻውን አልመጣም» ትለዋለች።

አንድ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ «አያምም» የሚለው። «ይሄ ይቆነጥጥሃል» ትላለች። «አሁን ደግሞ ስገፋህ ይሰማሃል። ካመመህ እጅህን አንሳ፤ አቆማለሁ» ትላለች። ታቆማለችም። ጥርሱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው እንኳ እጅ ከተነሳ ጉጠቱን ታስቀምጣለች። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

የገባኝ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ የመጣ ቀን ነው። በር የሚሞላ ሰው። ሌላ ቦታ ሄዶ ማደንዘዣ ተወግቶ፣ «ያመኛል» ሲል «ደንዝዟል፣ አትቀልድ» ተብሎ፣ ሐኪሙን ገፍትሮ ወጥቶ ነው የመጣው። እኛም ጋ ከንፈሩ ደንዝዞ፣ ምላሱ ከብዶት፣ አዜብ ጥርሱን ገና ነካ ስታደርገው እጁን አነሳ። እኔ በሆዴ ይቀልዳል አልኩ። እሷ ወዲያው አቆመች፤ ወንበሩን ቀና አደረገችለትና ስለ አንድ የሚንኳኳ ሞተር ትጠይቀው ጀመር። የራሷ መኪና ሞተር ነበር። ሰውየው በደነዘዘ አፉ ሲያስረዳት፣ ሲሰድባት፣ «ዘይቱን መቼ ቀየርሽው?» ብሎ ሲቆጣት ቆየ። ከዚያ በኋላ ጥርሱ ሲነቀል እጁ ከጭኑ ላይ አልተነሳም።

«ማደንዘዣው ነርቩን ነው የሚያደነዝዘው፤ ፍርሃቱን አይነካውም» አለችኝ ሰውየው ከወጣ በኋላ። «የፈራ ሰው ሰውነቱ ሊሮጥ ተነስቷል። ልቡ ይመታል፣ ጡንቻው ይገተራል። ስትነኪው የተወጋ ነው የሚመስለው። ውሸት አይደለም፣ እውነት ያመዋል። ያመመው እሱ፣ የምትከራከሪው አንቺ፤ ምን ዓይነት ነገር ነው?» ቀጥላም «አንቺ አፉን ተይልኝ፣ እሱን እኔ አያለሁ። አንቺ እግሩን እዪ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ የሰው ጫማ ማየት ሆነ። ጣቶቹ ወደ ላይ የተቀሰሩ እንደሆነ፣ ተረከዙ ወንበሩን የሚገፋ እንደሆነ በዓይኔ ምልክት እሰጣታለሁ፤ ትጠብቃለች።

ወይዘሮ አስካለን ያወቅናቸው በዚያ ዘመን ነው፤ ሞባይል በየሰው እጅ መግባት በጀመረበት ጊዜ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ጡረታ ወጥተው ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው ሰፈር ይኖሩ ነበር። አንድ ጠዋት ታናሽ ወንድማቸው ደሳለኝ ደግፏቸው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጡ። ገና ሳያቸው ደነገጥኩ። በታችኛው መንጋጋቸው በግራ በኩል የተነሳው እብጠት ወደ አንገታቸው መውረድ ጀምሯል፤ ቆዳው ቀልቶ ያብረቀርቃል። አፋቸው ማንኪያ ለማስገባት ያህል ብቻ ነው የሚከፈተው። ትኩሳትም ነበራቸው።

አዜብ መዳሰሷን ስትጨርስ ጥያቄዎቿን ጀመረች።

«ማታ ተኝተዋል እትዬ አስካለ?»

«ምን እንቅልፍ አለ።»

«ቁርስስ?»

«እሱ አጥሚት አጠጣኝ።»

«የሚያሳስብዎ ነገር አለ?»

ወይዘሮ አስካለ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ልጄ ስልክ አያነሳም» አሉ። «ሱራፌል። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። የትም ቢሆን ለእኔ ሳይደውል አያድርም።»

«ኔትወርክ የለም አልኩሽ እኮ እታለም! በረሃ ነው!» አለ ደሳለኝ። ቶሎ አለ፤ ቶሎ ማለቱን እኔም አስተዋልኩ።

አዜብ ዕቃ ወደምናጥብበት ጠባብ ክፍል ስትገባ ተከትሏት ገባ። እኔ እዚያው ብረቶቹን እያወጣሁ ነበር። በሩን ገፋ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዶክተር፣ ልጁ ሞቷል» አላት። «ትናንት አዋሽን አልፎ መኪናው ተገለበጠ። አስከሬኑ ዛሬ ማታ ይገባል። ነገ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ልናረዳት ነው።»

«ምንም አያውቁም?»

«አታውቅም። በዚህ እብጠት ላይ መርዶ ብንነግራት ትሞትብናለች። ለቅሶ ቤት ከተገባ ደግሞ ማን ጥርስ ያስታውሳል? እባክዎን ዛሬ ይንቀሉላት። ሌላው የእኛ ጣጣ ነው።»

አዜብ የእጅ መታጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ቆየች። «ልክ ነህ» አለችው በመጨረሻ። «ጥርሱ ዛሬ መውጣት አለበት። ግን ከጠየቁኝ አልዋሽም።»

«እርስዎን ለምን ትጠይቃለች? እርስዎ የጥርስ ሐኪም ነዎት።»

ብልቃጡን ከመደርደሪያው አንስታ ወደ ወይዘሮ አስካለ ተመለሰች።

የመጀመሪያውን ማደንዘዣ ወጋች፤ ጠበቅን። «ከንፈርዎ ከበደዎት?» ስትላቸው «እንጃ፣ ትንሽ» አሉ። ድዳቸውን ነካ ስታደርግ እጃቸው ወደ ላይ ተወረወረ። ደግማ ወጋች። እንደገና ጠበቅን። መግል በያዘ ቦታ ማደንዘዣ ድሮም ይደክማል፤ ይሄ ግን ሌላ ነበር። ጫማቸውን እያየሁ ነው። ተረከዛቸው ወንበሩን ይገፋል። ካርድ ክፍል ያለው ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁለቱም እግሮች አብረው ይዘላሉ። ወንድማቸው በሩ ላይ ቆሞ ሞባይሉን እጁ ውስጥ ያገላብጣል፤ እሳቸው ደግሞ ከመብራቱ ስር አንገታቸውን እየሰበሩ እሱን ይፈልጋሉ። አዜብ እንደገና ነካች። እጃቸው ተነሳ። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወረደ።

ግፊታቸውን ለካሁ። ቁጥሩን ሳሳያት ፊቷ ተለወጠ። ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ከዚህ በኋላ አንዲት ብልቃጥ ብቻ ነው የምጨምረው» አለችኝ። «ለልባቸው እፈራለሁ።» ወጥታ ሆስፒታል ደወለች፤ የሚቀበሏቸው ከምሽት በኋላ መሆኑን ነገሯት። ተመልሳ ስትገባ የአንገታቸውን እብጠት በሁለት ጣቷ ዳሰሰች፤ ምራቅ እንዲውጡ ጠየቀቻቸው። ዋጡ፤ ግን ተጨንቀው ነው የዋጡት። አዜብ ወደ እኔ አየች። እስከ ማታ እንደማይጠበቅ ሳትናገር ገባኝ።

«ደሳለኝ፣ ውጣልኝ» አለችው።

«እኔማ ከእህቴ አልለይም።»

«ውጣልኝ አልኩህ!» ከሕንፃው ጥበቃ ጋር የምትጣላበት ድምፅ ነበር። ወጣ።

በሩን ዘጋች። መብራቱን ከፊታቸው ላይ አዞረች፤ ወንበሩን ቀና አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ማስኳን አወለቀችና በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ጉልበታቸው ሊነካካ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ያንን የደነዘዘ ከንፈራቸውን እየታገሉ ተናገሩ። «ልጄ፣ ወንድሜ ዛሬ ዓይኔን አላየኝም። ቅድም እዚያ ጓዳ ሲያወራሽ ድምፁን ሰምቻለሁ፣ ቃሉን ግን አልሰማሁም። ሱራፌል ምን ሆነ?»

እኔ ትሪውን ይዤ ቆሜ ነበር። ብረቶቹ እንዳይንቀጫቀጩ ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። «ደህና ነው» እንድትል ተመኘሁ። አንዲት ቃል ናት፤ ማንም ሰው ይላታል፤ ለእሳቸው ብሎ ነው የሚላት።

«እትዬ አስካለ» አለች አዜብ። «የተነገረኝ ነገር አለ። ደህና ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ነገሩ የወንድምዎ ነው፣ እኔ ልናገረው አይገባም። ይህ ጥርስ እንደወጣ እዚሁ ፊትዎ ተቀምጦ ይነግርዎታል፤ እኔም ከጎንዎ አልነሳም። አይ፣ አሁኑኑ ልስማ ካሉ ግን አሁኑኑ እጠራዋለሁ። እርስዎ ይምረጡ።»

አዩዋት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ሞቷል» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

አዜብ ፊቷን አላዞረችም። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አጠፉት። አንዴ አጠፉት፤ እንደገና ፈትተው አጠፉት። ከዚያ ሁለቱን እጆቻቸውን ላዩ ላይ አኖሩ።

«አውጪው» አሉ። «ልጄን የምቀብር ከሆነ አፌን ከፍቼ ማልቀስ አለብኝ።»

አዜብ የመጨረሻዋን ብልቃጥ መዳፏ ውስጥ ጨብጣ አሞቀችው። ወጋች። ጠበቅን። ጫማቸውን አየሁ፤ ሁለቱም ወደ ውጭ ተከፍተው እንደ ተኛ ሰው ወድቀዋል። ለአዜብ በዓይኔ ምልክት ሰጠኋት። ነካች። እጃቸው አልተነሳም። ማደንዘዣው ጊዜ አግኝቶ ይሁን፣ የመጨረሻዋ ጨምራ ይሁን፣ ወይስ ከጠዋት ጀምሮ ሲሸሹት የነበረው ነገር ደርሶባቸው የሚሸሹት ስላጡ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። «አሁን እገፋለሁ» ትላለች አዜብ። «አሁን ድምፅ ይሰማሉ። አሁን ወጣ።» መግሉ ተከትሎ ወጣ። እሳቸው ጣሪያውን እያዩ ነበር።

ደም የሚያቆም ጎዝ አስነክሰን ቀና ካደረግናቸው በኋላ ደሳለኝን ጠራሁት። ገብቶ የእህቱን ፊት አየና በሩ ላይ ቀረ።

«ነገርሻት!» አላት አዜብን። አንቱታው ጠፍቶ ነበር።

«እኔ አልነገርኳቸውም። አንተ ንገራቸው።»

«ወግ አለ እኮ! በማለዳ ነው፣ ዘመድ ባለበት ነው! እንዲህ በየወንበሩ...»

«ንገረኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለ በጎዙ ውስጥ።

ደሳለኝ የአዜብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ነገራቸው። ጩኸታቸው ሲነሳ መጠበቂያ ክፍል የነበሩት ሰዎች ተነስተው ሲወጡ ሰማሁ፤ ታች የረዳቶቹ ድምፅ እንኳ ጸጥ ያለ መሰለኝ። አዜብ ከኋላቸው ቆማ በአንድ እጇ ግንባራቸውን ይዛ ራሳቸውን ደረቷ ላይ አስደግፋለች፤ በሌላው እጇ አገጫቸውን ከስር ይዛ ጎዙ እንዳይወድቅ ትጠብቃለች። ሲጮኹ ትለቃለች፤ ትንፋሽ ሲወስዱ መልሳ ትገጥማለች። እንባዋ እሳቸው ፀጉር ላይ ይወርድ ነበር። ያን ቀን ሌላ ሰው አላከመችም።

ቀብር ሄድን። እብጠታቸው ጎድሎ ነበር፤ አፋቸውን ከፍተው አለቀሱ። ድንኳኑ ውስጥ ደሳለኝ ለሁሉም ሰው እጁን ሲሰጥ አዜብ ጋ ሲደርስ አልፏት ሄደ። ሰፈሩም ወሬውን ይዞት ከረመ። «ጥርስ ልትነቀል ሄዳ መርዶ ተቀብላ መጣች» ይላሉ። አንዳንዱ ከእኛ ደረጃ ስር አልፎ ሌላ ክሊኒክ ይሄድ ጀመር። አዜብ ከጥበቃው ጋር መጣላቷን ሁሉ ተወች። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው በሌለበት በራሷ ሕክምና ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ተሳስቼ ይሆን ገኒ?» አለችኝ። «አንዲት ሌሊት ነበረቻቸው እኮ። አንዲት ሌሊት ልጅ እንዳላቸው ሆነው ያድሩ ነበር። እኔ ወሰድኩባቸው።»

«ባትወስጂባቸው ጥርሱ አይወጣም ነበር።»

«እሱን አላውቅም። አንቺም አታውቂም።» ተነስታ ጋውኗን አራገፈች። «ዋሽቼ ቢደነዝዝላቸው ኖሮስ?»

እሷ ግን ከዚያም በኋላ «አያምም» ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ዓመቱ አልፎ ጥቁር ልብሳቸውን ካወለቁ በኋላ ወይዘሮ አስካለ ብቻቸውን መጡ። ከስተዋል። አሁን ያመማቸው በቀኝ በኩል ያለ የመንጋጋ ጥርስ ነው። አዜብ ስታያቸው እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

«ሌላ ሐኪም ቤት የሚሄዱ መስሎኝ» አለች።

«ለምን ብዬ?»

እነዚያኑ ጥያቄዎቿን ጠየቀቻቸው፤ ተኝተዋል፣ በልተዋል። ስለሚያሳስባቸው ነገር ስትጠይቅ ድምፅዋ ቀነሰ። ከዚያ «ደሳለኝ ለምን አላመጣዎትም?» አለቻቸው።

«አንነጋገርም» አሉ። «ያን ቀን ጠዋት አጥሚቱን በማንኪያ እያጠጣኝ፣ ‹ኔትወርክ ነው የጠፋው፣ ሱራፌል ደህና ነው› አለኝ። ሞቶ ነበር እኮ። ያቺ ቃል ከሆዴ አልወጣ አለችኝ።»

«ፈርቶ ነው እትዬ አስካለ። ሱራፌል ለእሱም ልጁ ነበር።»

አዜብ ወጋቻቸው። መርፌው ገና እንደወጣ ማለት ይቻላል ከንፈራቸው ከበዳቸው። ነካች፣ ደግማ ነካች፤ ምንም የለም። ጫማቸውን አየሁ፤ አይንቀሳቀስም።

«እንዴት ቶሎ ደነዘዘልዎ!» አለች አዜብ።

«ከእንግዲህ የምፈራው ምን አለ ብለሽ ነው ልጄ?»

አዜብ ጉጠቱን እንደያዘች ቆመች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሰውን ከፍርሃቱ ለማውጣት ስትለፋ ነው ያየኋት። ፍርሃት የሌለበት ሰው ወንበሯ ላይ ሲተኛ ግን አቀርቅራ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ሥራዋን ሠራች። ጥርሱ በቀላሉ ወጣ።

ጎዙን ካስነከሰቻቸው በኋላ ካርድ ክፍል ሄዳ ስልክ አነሳች። «ደሳለኝ፣ እህትህ እኔ ጋ ናቸው። ብቻቸውን ደረጃ አይወርዱም። ና» ብላ መልሱን ሳትሰማ ዘጋች። አይመጣም ብዬ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ባጅ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እያለከለከ ደረጃው አናት ላይ ደረሰ። አዜብን አየ፤ ራሱን ዝቅ አደረገላት። ከዚያ «እታለም» አለ።

ወይዘሮ አስካለ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። አፋቸው ደንዝዟል፣ ጎዝ ነክሰዋል፤ መናገር ይከብዳቸዋል። አዩት። እሱ ዓይኑን አልሰበረም። ጥለውት የሚያልፉ መስሎኝ ነበር። ተነስተው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ክንዱን ያዙ።

ደረጃው ለሁለት ሰው አይበቃም። ስለዚህ እሱ ቀደም ብሎ፣ ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ፣ ሁለቱንም እጃቸውን ይዞ ወደ ኋላ እየረገጠ ይወርድ ጀመር። አዜብ ከላይ ቆማ እንዲያ እንደሆኑ ስታያቸው ቆየች።

«ቀስ በል አንተ! ደረጃውን እያየህ!» ብላ ጮኸችበት።